የጀሶ ራስ

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ሙሐረቅ ሳይሞቅ ገና፣
ከመጻሕፍቱ ክፍል ጨርቅ ይዤ እገባና፣
ያንን የጀሶ ራስ እወለውላለሁ፤
አፍንጫው ጫፍ የለው፣ በጣቴ አውቃለሁ።

የሮም ሰው ነው አሉኝ፤ ተናግሮ ማሳመን
እንደሱ የሚችል አልነበር በዘመን።
ስለ እርጅና ጽፏል፣ ስለ ወዳጅነት፣
ስለ ሕግ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ነፍስ ነጻነት።

ይህን የነገሩኝ ኡስታዝ ጁምዓ ናቸው፤
አርባ ዓመት ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት ያወቃቸው።
አምና በረመዳን ደም በናላ ፈሶ፣
ያ ሁሉ ክርክር አንድ ቃል ሆነ አንሶ፦

«ላ» ይላሉ ለውኃ፣ «ላ» ይላሉ ለጥም፤
እምቢም እሺም እሷው፤ እሷው ናት የእኔም ስም።
(አስረበብ ከብዷቸው «አስማ» ይሉኝ ነበር።
«ላ» ትሻለኛለች፣ የሰው ስም ከመበደር።)

አፋቸው ሳይታሰር ጠይቄ ነበረ፦
«ይሄ ሁሉ ቃሉ በማን እጅ ሰፈረ?»
ሳቅ አሉ።
«ባሪያ ነበረው፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወድቅ የሚቀልብ፣
በአጭር ምልክት፣ በጭረት፣ የጌታውን ትንፋሽ የሚከትብ።
ኋላ ነጻ አወጣው፤ እንደ ወዳጅም ጻፈለት» አሉኝ።
ከዚያ ከረክ ሻያቸውን ጠየቁኝ።

«ኋላ» የምትል ቃል ሌሊቱን አልተኛች፤
ፓስፖርቴ ካለበት መሳቢያው ውስጥ ገባች።

ደብተር ይዣለሁ አሁን፤ በጭረት፣ በነጥብ፣
የ«ላ»ን ዓይነት ሁሉ እኔ ነኝ የምከትብ።
ረጅሟ «ላ» ሕመም፤ ቁርጥ ያለችው ትራስ፤
ዓይን ጨፍነው ያሏት ሚስታቸውን ማስታወስ።
በግንቦት የሰማኋት፣ ወደ ባሕር የዞረች፣
ስሟን አላገኘሁም፤ ባዶ መስመር ሆነች።

ልጃቸው ከማናማ ድልድዩን ተሻግሮ
«ምን አለ አባቴ?» ይላል፣ ከእግራቸው ስር አቀርቅሮ።
ደብተሬን እገልጣለሁ፤ ጠበቃ እሆናለሁ፤
ያባትን ዝምታ ለልጁ አስረዳለሁ።

አንተ አንደበተ ርቱዕ፣ አንተ የጀሶ ራስ፣
ስለ እርጅና ያልከውን አንብቤው አላውቅም።
እኔ የማነብበው የኡስታዝን ጀርባ ነው፤
በየሁለት ሰዓቱ ገልበጥ እያደረግሁ፣
ቁስል እንዳይጽፍበት።
ያንተ ገጽ አያልብም፤ ይህኛው ያልባል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣
ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም።
ያ ጸሐፊህ ነጻ ሲወጣ ያንተን ስም ደረበ አሉ።
በማግስቱ ጠዋት፣
ብዕሩን ይዞ በበሩ ሲገባ፣
በየትኛው ስም ጠራኸው?

ዝም።
ከወዲያኛው ክፍል «ላ» ይላሉ ኡስታዝ።
ቁርጥ ያለችው ናት።
ትራስ።