ቃርሚያ

ሃያ ሁለት ዓመት በአፉላ አዳራሽ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣
እርሳስ ይዤ ኖርኩኝ፤ ዓይኔ ከሜዳው ላይ፣ እጄ ወረቀት ላይ።
ላገባ ዓምድ አለ፤
ላቀበለ አለ፤
ለሳተ፣ ላጠፋ፣
ቁምጣውን ለብሶ አግዳሚው ላይ ላንቀላፋ፣
ለሁሉም ቦታ አለ።

ለጓንጉል ልጅ ግን፣ ለአቪኤል፣ ጠበበኝ ወረቀቱ።
ደረቱን አጥር አርጎ ለጓደኛው መንገድ ሲከፍት በጉልበቱ፣
ኳሷ ሳትነሳ ከምታርፍበት ቀድሞ ሲጠብቃት፣
የተናደደውን ጆሮው ሥር ገብቶ በአንድ ቃል ሲያበርደው፣
እርሳሴ አየር ላይ ቆማ ትቀራለች፤ ይሄን የት ልጻፈው?
ቢቸግረኝ፣ ከመስመሩ ውጭ፣ ጠርዙ ላይ፣
አንዲት ነጥብ ጣል አደርግ ነበር፤
ከእኔ በቀር ማንም የማይቆጥራት።

ውትድርናውን ጨርሶ ኮሌጅ ሄደ፤ በረዶ ወዳጠረው፣
አባቱ እስከ ዛሬ ስሙን አስተካክሎ ወደማይጠራው
አንድ የአሜሪካ ከተማ። አራት ክረምት።
በጨዋታ ስድስት ነጥብ።
ቁመቱ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት።
መልማዮች መጡ፤ አዩ፤ "ጥሩ ልጅ ነው" አሉ።
ጥሩ ልጅ ነው ማለት፣ በእነሱ ቋንቋ፣ በሩን ቀስ አድርጎ መዝጋት ነው።
ደግሞም አረጀ አሉት፤ በሃያ አምስት ዓመቱ!
እኔን ቢያዩኝ ምን ሊሉ ነው?

የምርጫው ሌሊት ቤታቸው ተጠራሁ፤ ጊቭዓት ሃሞሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ኒውዮርክ ገና አልተኛችም፤ እኛ ዘንድ ሊነጋ ነው።
ስልሳ ስም ይጠራል። ስልሳ ብቻ።
ቀድመው ለተጠሩት ኮፍያ አለ፣ እቅፍ አለ፣ የእናት እንባ አለ፤
ለእኛ የሱፍ ፍሬ አለ፣ የአፉላ፣ ጨው የበዛበት፤
ጋዜጣው ላይ የቅርፊቱ ክምር ከፍ እያለ
ሰው እያነሰ ሄደ።
ሃያ ላይ ጎረቤቶቹ "ነገ ሥራ አለ" ብለው ወጡ።
ሠላሳ አምስት ላይ አክስቱን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።
አርባ አራት ላይ የወኪሉ ስልክ ዝም አለ።
ትርንጎ፣ እናቱ፣ ኳስ አታውቅም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች፦
"ስንት ቀረ?"
"አሥራ ሁለት።"
"ስንት ቀረ?"
"ሰባት።"
ሻይ ላፍላ ብላ ተነሳች፤ ቁጥሩን መሸሿ ነበር።

ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። ቀይ መኪና በባሕር ዳርቻ ይከንፋል፤
ነጂው ይስቃል፤ ከጎማው በታች፣ በጠባቧ ጥቁር መስመር፣
ሃምሳ ስምንተኛው እየተንሸራተተ አለፈ።
አቪኤል አቀርቅሮ ነበር። አላየም።
እኔ አየሁ። ሥራዬ ነዋ።
የጠረጴዛ ሰው አያጨበጭብም፤ አይጮኽም፤ ያያል፣ ይጽፋል።
እርሳሴን ከኪሴ አወጣሁ፤ ቅርፊቱን በክንዴ ገፋ አድርጌ
ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፍኩ፦ 58። አቪኤል ጓንጉል።
(መስመሯ ከአባቱ ስም አንድ ፊደል ጎርዳ ነበር፤ እኔ ሞላሁት።)

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከንፈሩ ደረቀ።
ሃምሳ ስምንተኛ ውል የለውም፤ ተስፋም ቢሆን በብድር ነው፤
የበጋ ልምምድና የአውሮፕላን ትኬት፣ እሱም ከተላከ።

ጓንጉል የሥራ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ የፋብሪካው አውቶቡስ አይጠብቅም።
ጎንበስ እንዳለ፣ ቀና ሳይል ተናገረ፦
"ኦሪት የማሳህን ዳር አትጨደው ይላል፤
ለድሃና ለመጻተኛ ይቅር ብሎ ነው።
እኔም አንድ ክፉ ዘመን
ሰው ካጨደው ማሳ ዛላ ለቅሜ ክረምት ተሻግሬያለሁ።
ቃርሚያም ሲፈጭ ዱቄት ነው።"
ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገና ደረጃውን ወረደ።

ትርንጎ ሻይዋን ይዛ ስትመለስ ማስታወቂያው አላበቃም።
"ስንት ቀረ?"
ማንም አልመለሰላትም።
አቪኤል የጋዜጣውን ጠርዝ ቀስ ብሎ ቀደደ፣ አጠፈ፣ ያዘው።
"እነዚያ ነጥቦች" አለኝ፣ "በልጅነቴ፣ ከመስመሩ ውጭ የምትጥላቸው።"
"አይተሃቸው ነበር?"
"ወረቀቱን በሩ ላይ ትለጥፈው የለ?
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ናቸው።"