ገና ሁለት ክረምት

ሐኪሙ ጉልበቴን ጫን ጫን አርጎ አይቶ፣
«ደሴ አትሆንህም» አለኝ ወረቀቱን ትቶ።
«ቆላ ቀመስ አገር፣ ሞቅ ያለ ቢገኝ…»
ኮምቦልቻን ማለቱ ሳይጠራው ገባኝ።

ቤት ስንደርስ ጦይባ ሻሿን ሳትፈታ፣
ጀመረች ቆጠራ ከጣሪያው ጠብታ።
«ቤት እንደ በግ አይደል፣ ባንድ ጀንበር አይሸጥም፤
ዛሬ ካልጀመርነው ያኔ አይደርስልንም።
ገና ሁለት ክረምት አለን» አለች፣ «እወቅ፤
አንዱ ቀዳዳውን የሚያሳይ፣
አንዱ መደፈኑን የሚጠይቅ።»

አወጣን ካርታውን ከሣጥኑ ግርጌ፤
ስሙ ግን የሟች ነው፣ ያባቴ፣ ያራጌ።
አሥራ ስድስት ዓመት ካፈር በታች ሆኖ
ግብር ሲከፍል ኖሯል፣ በደረሰኝ ታምኖ።
ፍርድ ቤት ተሰልፌ ቀጠሮ ቆጠርሁ፤
ያባቴ ልጅ መሆኔን በሦስት ሰው አስመሰከርሁ።
እህቴ ሉባባ ከባቲ ወጥታ
ፈረመች፤ አለቀሰች፤ ሄደች በዚያው ማታ።

ከዚያ ግድግዳው መጣ።
ጭቃው ከእንጨቱ ጋር ተኳርፎ የኖረ፣
በጦሳ በኩል ያለው፣ ጉም የቦረቦረ።
አሊጋዝ ግንበኛው በጣቱ አንኳኩቶ
«ባዶ ነው» አለና አዘነ፣ እንደ ሐኪም አይቶ።
ጭድ ገዛን፣ ኖራ ገዛን፣ ከፒያሳ ቀለም፤
ሰማያዊ አማረኝ። ጦይባ «አይሆንም!
ደማቅ ማን ይወዳል? ነጣ ያለ ይሁን፤
ባዶ ይምሰልና እሱ ይሙላው የሱን።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ፣ ስሙን የማናውቀው፣
መልኩን፣ ሃይማኖቱን፣ ዓመሉን ያልለየነው፣
አንድ ሰው ገብቶብን አብሮን ይኖር ጀመር።
ሚስማር ልመታ ስል፣ «ገዢው ምን ይላል?» ነው ነገር፤
ሶፋውን ላስጠጋ፣ «ገዢው መስኮት ይወዳል»፤
እንጨት ብከምር ጓሮ፣ «ለገዢው ዓይን ይከብዳል»።
ካርቶን ለጥፈን ኖረን፣ መስታወት ገባ ለሱ፤
ልጆች በዚያው ንፋስ አድገው ከጨረሱ።

ሃያ ዓመት ያደናቀፈን የደጃፉ ድንጋይ፣
«ነገ፣ ነገ» ስንለው ጥፍር ሲነቅል፣ ሲያሰቃይ፣
ባንድ ጧት ተስተካከለ በግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፤
እግሬ ግን ዛሬም ይዘላል፣ ከፍ ብሎ ተነስቶ።
ያፈስ የነበረው ቆርቆሮ ተቀየረ፤
ሳፋው ሥራ ፈትቶ ጓሮ ተወረወረ።
ዝናቡ ሲወርድ ሌሊት፣ ጠብታውን ስንጠብቅ፣
እንቅልፍ አጣን ሁለታችን፤ ዝምታው ሲያስጨንቅ።

ስጦታው ጎረቤቴ፣ ባንዲት ክንድ አጥር ሰበብ፣
ዘጠኝ ዓመት ኖረናል ስንገላመጥ፣ ስንሰዳደብ።
«ገዢ ጠብ አይገዛም» ብላ ላከችኝ፤ ሄድኩ።
ሜትር ዘረጋን፣ ለካን። እኔ ነበርኩ
ያጠፋሁት። ሳቀ። ወንበር ሰጠኝ፣ ቆየሁ፤
የሽምግልና ወዳጅ ልሄድ ስል አገኘሁ።

የቀረው በሩ ነው፤ ማጠፊያው አርጅቶ
ሲከፈት የሚጮህ፣ ሠፈር አስነስቶ።
ዘይት አመጣን፣ ላባ ነክረን ቀባን፤
«ሸጋ ሆነ» አለች። መሸ። ገባን። ተኛን።

ኸይረዲን ልጃችን ማታ ነው የሚመጣ፣
አይሱዙውን ይዞ፣ ሐረጎን ሲወጣ
ጉም የሚውጠው። ያ በር ሲጮህ ነበር
ጦይባ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ጎኗን የምትቀይር።
ያን ሌሊት ጆሮዋን አቁማ አደረች፤
ጧት ሄዳ አልጋውን በሩቅ ተመለከተች።
ተኝቷል። አልጮኸችም። ቆማ አየችው ብዙ፤
ከአልጋው ሥር ጭቃ ጫማ፣ ከደጅ አይሱዙ።

አሁን አንድ ክረምት ነው የቀረን። ጣሪያው ይዟል፤
ግድግዳው ደርቋል፤ ካርታው በስሜ ወጥቷል።
ጉልበቴ እንደ ድሮው ጉሙን ቀድሞ ያውቃል፤
ከሐረጎ በታች ሙቀት ይጠብቃል።

ትናንት ማለዳ ላይ፣ ጉሙ ሳይነሳ፣
ጦይባን አየኋት፣ ጨው በጥብጣ በጣሳ፣
ላባዋን እየነከረች ማጠፊያውን ስትቀባ።
«ምነው?» አልኳት። ዞር አላለች። «እስኪሸጥ ነው። ግባ።
ዝገትም ጊዜ ይፈልጋል፤ ዛሬ ካልጀመርነው…»
ቀሪውን ዋጠችው።

በሩን ቀስ ብዬ ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁ፤
ገና ምንም የለም። ጆሮዬን አስጠጋሁ።