ካቻቢቴ

ጉሙ በጥቅምት ማለዳ ከቲቺኖ ወንዝ ተነስቶ፣
ባለ ጣሪያውን ድልድይ ከነብስክሌተኛው በልቶ፣
ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሟል
መታወቂያውን እንደረሳ ተማሪ
ግባም ውጣም የሚለው አጥቶ።

ሲኞራ ቪሳኒ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ
"ኬ... ትሴ... ላ?" ትላለች፣ ቀ-ን አልፋ ፀ-ን ዘልላ።
"አቤት" እላለሁ በሆዴ።
ቀፀላ ይመር ነበርኩ ኮምቦልቻ፤
ፓቪያ ላይ ግን ፍንዳታው የወጣለት፣
የለሰለሰ ስም ብቻ።

መዝገበ ቃላቱን ስገልጥ እጄ ቤንዚን ሸተተኝ፤
በየገጹ የአባቴ ጋራዥ እየወጣ
"ነይ እስቲ፣ ባትሪ አብሪልኝ" አለኝ።
ፍሬን እዚህ ልጓም ነው፣ የፈረስ አፍ የሚገታ፤
ካንዴላ እዚህ ሻማ ነው፣ ከባለቅኔው ጋር አምሽቶ የሚያለቅስ ማታ ማታ፤
አባቴ ቤት ግን ካንዴላ ቅዳሜ ጠዋት
በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል፣
ጥላሸቱ እስኪለቅ፣ ፊያቱ እስኪያስነጥስ።
ችንጊያ እዚህ ቀበቶ ነው፣ ሱሪ ላይ የሚታሰር ለወጉ ለልብስ፤
እኛ ቤት የሞተር አንጀት ነው፣
ከተበጠሰ ደሴ የማይደረስ።

ድሪታ ከዱረስ፣ ዮአና ከክራኮቭ
ቃላት በካርድ ጽፈው አውቶቡስ ላይ ይሸመድዳሉ።
"አንቺስ የት ተማርሽው?" ይላሉ።
"መኪና ሥር ተኝቼ" ስል
ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።

ግን የማውቀው ሁሉ ስም ነው። ግስ አልተዉልንም።
ፋብሪካውን፣ ጎማውን፣ ጣውላውን ጥለው ሲሄዱ
"እወድሻለሁ"ን፣ "ይቅር በይኝ"ን
ሻንጣ ውስጥ ከትተው ወሰዱ።
አያቴ አንዲት ትእዛዝ ነበረችው፤
"ቪያ!" የምትል፣
ውሻ ሲያባርር ብቻ የሚያወጣት።
ከማን አፍ እንደለቀማት
እኔ አልጠየቅሁት፣
እሱም አልነገረኝ።

የካቲት መባቻ፣ የቃል ፈተና። አሮጌ ስንኝ ዘርግታ
ጣቷን "ቪቴ" ላይ አሳረፈች፤
"ይህቺስ ምንድን ናት?" አለች በዝግታ።
አልዘገየሁም። "ብሎን!
በካቻቢቴ የሚፈታ።"
አጠገቧ የተቀመጠው ረዳት
ሳቁን በሳል ሸፈነ።
እሷ ግን አልሳቀችም፤ በመስኮቱ ወደ ጉሙ አየች።
"ብሎንም ነው" አለች፣ "እውነትሽን ነው።
እዚህ ግን የወይን ሐረግ ነው፣ ግንብ ላይ የሚንጠላጠል።
ሕይወት ሲበዛም፣ የብዙ ሰው ሲሆን፣
እሱም ‘ቪቴ’ ይባላል።"
ሃያ አራት ሰጠችኝ፣ ከሠላሳ።

ማታ ደወልኩ።
"አባዬ፣ ካቻቢቴ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?"
"አርባ ዓመት ጨብጬው? ምን ነካሽ!"
"ትርጉሙን ነው የምልህ።
ካቻ ማለት ማባረር፣ ማሳደድ ነው።
ቪቴ ብሎን ነው፤ ደግሞ ወይን ነው፤ ደግሞ ሕይወቶች።
ይህን ሁሉ ዘመን ጉድጓድ ውስጥ ቆመህ
ምን ስታሳድድ እንደኖርክ..."
ዝም አለ።
ሲሚንቶ ላይ የሆነ ብረት ወደቀ፤
ተንከባሎ፣ ተንከባሎ
የሆነ ቦታ ሄዶ ቆመ።
"ብሎንስ የማን ነው?"
"እሱም የነሱ።"
"ጎማም? መኪናም?"
"የነሱ።"
"ቆይ፣ እንዲህ ከሆነ የኛ ምኑ ነው?"
ትንሽ አሰብኩ።
"መፍታት" አልኩት፤ "መፍታትና ማጥበቅ።
ብሎን ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣
የታሰረ ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል፤
እነሱ ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ቃል አላቸው፣
እኛ በአንዱ..."

"እሺ፣ እሺ" አለ፣ ሳይጨርስ አስጨርሶኝ፤
ደንበኛ መጥቶበት መሰለኝ።
"ብርዱስ እንዴት ነው?
ካልሲ ደርበሽ ተኚ።"

ካልሲም የነሱ መሆኑን
አልነገርኩትም።
ደረብኩ።