ማክሰኞ ውሃ ይመጣል

ከታች፣ ከግራ ጥግ፣ ከዳር የጀመረ፣
አንድ ስንዝር ወጥቶ በመሃል የቀረ፣
ፀጉር ያህል ስንጥቅ።
በጣት ሲዳስሱት የለም፤
በጥፍር ሲጭሩት አለ።

ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ከመሃል ከተማ ስወጣ፣
በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲመጣ፣
እኔው ነበርኩ ከኋላ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣
እንደ አራስ ልጅ አባብዬ፤
ጉድጓዱን የዘለለው ግን ሾፌሩ ነው።

ሃያ ዓመት፣ ሕፃን ሁሉ መቀስ ሰምቶ ሲንፈራገጥ፣
«ዓሣውን እየው! እየው!» ስል፣ አንገቱ ቀጥ፤
እንባው ጉንጩ ላይ እንደቆመ፣
አፉ እንደተከፈተ ጨርሼው ነበር።
ስንቱ ነው ዛሬ ጢም ያበቀለ፣
የመጀመሪያ ፀጉሩን በዚህ ገንዳ ፊት የጣለ።

አሁን ገንዳው ባዶ። ሻለቃ
(ስሙ ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት ያጣራ የለም)
በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ይዞራል፤
ከሳፋው ሥር የተሳለች ጽጌረዳ አለች፣
ሊበላት ይሞክራል።

«ጣለው» አለ ጎረቤቴ፣ «ስብር ነገር ቤት አያቀናም።»
እትዬ ዘርፌ፣ ከታች ያሉት፣
«ልጄ፣ ጣራዬን አደራ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እንዳሻው፣ መስታወት ቆራጩ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤ ሳይናገር
ለካ፣ ቆረጠ፣ ጠርዙን በድንጋይ ሞረደ፦
«ስንጥቁን አትድፈነው፤ ስንጥቅ አይሞላም።
ይቺን ከውስጥ አልብሰው።
ውሃው ራሱ እየገፋ ያጣብቅልሃል።»

ምላጭ ለእጄ እንግዳ አይደለም።
የድሮውን ሲሊኮን ላጨሁት፣
በአልኮል ጠረግሁት፣ እንደ ደንበኛ ማጅራት፤
«እስስ!» የሚል ብቻ ጠፋ።
ሲሊኮኑን ጨመቅሁ፤ ቤቱ ሆምጣጤ ሸተተ፤
ቁራጩን ለጥፌ በአውራ ጣቴ ስገፋ፣
አረፋው ወደ ዳር ሸሸ፣ ጠፋ።

ሶልያና መጣች። «ዳነ?»
«አልዳነም። ፋሻ ነው።»
«መቼ ይድናል?»
«ማክሰኞ ውሃ ይመጣል፤
ያኔ እናየዋለን።»

ሦስት ቀን ማንም አልነካው።
ሚስቴ በርጩማ አቆመችበት፣ እንደ አጥር።

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ቧንቧው አሳለ፣ አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣
ከዚያ ሰጠን።
በርሜል ሞላ፣ ጄሪካን ሞላ፣ ድስት፣ ምንቸት፣ ጆግ ሞላ፤
የገንዳው ተራ ደረሰ ከሁሉ ኋላ።
ከሥሩ ጋዜጣ አነጠፍኩ፤
ስለ ውሃ እንኳ ጋዜጣ አይዋሽም።
ግማሽ። ጠበቅሁ።
ከግማሽ በላይ። ጠበቅሁ፣
ተንበርክኬ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ።

ከዚያ አየሁት፦
ጋዜጣው ላይ የሳንቲም ያህል እርጥበት።
ሰፋ።
ፋሻውን ከውጭ ዳሰስኩ፤ ደረቅ።
ጥጉን ዳሰስኩ፤ ደረቅ።
ዙሪያውን በመዳፌ፤ ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ።

ጠብ።

ማጅራቴ ላይ።
ቀና አልኩ። በጣራችን ላይ
ቢጫ ካርታ ተዘርግቷል፣ ወንዙ ከላይ ቤት የሚነሳ፤
ገንዳው ይዟል ለካ፣ የሚያፈሰው ቤቱ ነው፣
እኔም ውስጡ ያለሁ ዓሣ።

ሻለቃን ወደ ቤቱ መለስኩት።
ሲሊኮኑን ጨበጥ አደረግሁ፤ ግማሹ አለ።
ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ደረጃውን ወጣሁ፣
የእትዬ ዘርፌን ቃል ይዤ፦
«ጣራዬን አደራ።»