ሞክሼ

ቀኑን አዘዞ ላይ ፈረስ ስቆጥር ዋልሁ፤
ጋማ እየገለጥሁ ቁስል እየለካሁ።
አንዱን ዳማ ይሉት፣ አንዱን ደግሞ ቦራ፣
ቁስሉ በየጫንቃው ካርታ እየሠራ።

ማታ ማራኪ ነኝ። ክፍሌን ዘግቼ፣
መብራት ሳይሄድብኝ ላፕቶፔን ከፍቼ
ለእያንዳንዱ ነገር ስም ስም አወጣሁ፤
ዳማን «ዳማ» አልሁት፣ ቦራን «ቦራ» አልሁ፤
ጋማቸው ሥር ያለውን የቁስሉን ቁጥር
«ጋማ» ብዬ ጻፍሁት፤ ምን አለው ነውር?

ኮምፓይለሩ አልወደደም።
መስመር አሥራ አራት ላይ ጣቱን ቀስሮ
ስም ተጋጨ አለኝ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።
«ጋማ ከእኔ ጋራ አብሮ የተወለደ
የቤት ልጅ ነው» አለ። «ይሄ ከየት ወረደ?»

እኔ የማውቀው ጋማ ላብ ላብ ይሸታል፣
ዝንብ ሲያርፍበት ግራ ቀኝ ይማታል።
የሱን ጋማ ግን ፈልጌ ባነብ
ፀጉርም ቆዳም የለው፣ እንዲያው ነው ሐሳብ፤
አንዱን ቁጥር ይዞ ከነታናናሾቹ
ያባዛዋል ይላሉ የሒሳብ ሰዎቹ።
ስሙን ያወጣለት የኛን ጋማ አያውቅም፤
እኔም ስም ሳወጣ እሱን አላወቅሁም።

ማስጠንቀቂያው ቀይ ነው። እንደ መምህር ዘገየ ስክሪብቶ።
ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ
ትርንጎ የምንባል ሁለት ነበርን።
እሷ የዲሬክተሩ ልጅ፣
ስሙን እንደ ፊት ወንበር ቀድማ የያዘችው፤
እኔ ከጠዳ የመጣሁ፣ በኅዳር፣ ትምህርት ከተጀመረ ወዲያ።
«አንቺ ለ ነሽ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
ትርንጎ ሀ። ትርንጎ ለ።
ስም ሲጠራ «አቤት» ብል እሷ ቀድማኛለች፤
ዝም ስል ቀሪ ተብዬ ተጻፍሁ።
እረፍት ላይ ግን «ሞክሼ!» ብላ ጠራችኝ፣
ቆሎዋንም በእፍኟ አካፈለችኝ።

ጠዋት ለጫቅሉ ነገርሁት። ጋሪው ላይ ተቀምጦ
ሳቀብኝ፣ ሸንኮራውን በጥርሱ ልጦ።
«የኔም ፈረስ ዳማ፣ የደርሶም ነው ዳማ፤
ስጠራ ሁለቱም ይዞራሉ በአንድ ግርማ።
ታዲያ ምን አደረግሁ? ስሙን አልነጠቅሁት፤
ከስሙ ቀጥዬ አንድ ፉጨት ጨመርሁት።
የኔው ብቻ መጣ።»

ማታ ተመለስሁ። ከ«ጋማ» ቀጥዬ
አንዲት የግርጌ ሰረዝ ጣል አደረግሁ፣ ፉጨቱ ናት ብዬ።

ዝም አለ። አለፈ።
የሱ ጋማ በክብሩ ሲያባዛ ያድራል፤
የኔው ሰረዝ ጎትቶ ቁስል ይቆጥራል።
አርባ አንድ ፈረስ።
አሥራ ዘጠኙ ጫንቃቸው የተላጠ፣
ሁለቱ እስከ አጥንት።

ከሁለቱ አንደኛው «ዳማ» ይላል።
የጫቅሉ ይሁን የደርሶ
የመስክ ወረቀቴን አገላብጬ አጣሁት።
ኮምፓይለር እንኳ ይጮህ ነበር፤
ወረቀት ሁለቱን ሞክሼዎች አንድ መስመር ላይ አስተኝቶ
ምንም አላለኝ።

ነገ አዘዞ እወርዳለሁ፣
ከንፈሬን አሹዬ፣
እስከዚያ ድረስ ማፏጨት ከቻልሁ።