የቁናው ከንፈር

አባቴ ሰፋሪ፣ ሐይቅ ገበያ ዳር፤
ጤፍ ሲሰፍር ውሎ ማታ ይለኝ ነበር፦
«ቁና አይዋሽም ልጄ፣ የሚዋሽ መዳፍ ነው፤
ከንፈሩ ላይ ሲደርስ፣
ለዘመድ ሚቆልል፣ ለባዳ ሚልገው።»

ይኸው በእርጅናዬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣
የሒሳብ መምህር፣ ጠመኔዬን ትቼ፣
ማዘጋጃ ቤቱ «የሕዝብ ወኪል» ብሎኝ
ከአራት ሰዎች ጋር ቁና አስጨበጠኝ።

ብሩ ስምንት መቶ ሺህ፣ ጠያቂው አሥራ አንድ ማኅበር።
ሰነድ ሃያ፣ ዕቅድ ሠላሳ፣
ኦዲት ሃያ አምስት፣ ልምድ አሥራ አምስት፣
የቀረው «በኮሚቴው እይታ» አሥር።
ይቺ አሥር ነጥብ ናት የቁናው ከንፈር።

አንደኛው ማመልከቻ በጥራዝ የመጣ፣
ሽፋኑ ላይ ሐይቁ፣ ፀሐይ ስትወጣ፤
ራእይ፣ ተልእኮ፣ ግብ፣ ሠንጠረዡ በቀለም፤
ነጥብ የሚጎድልበት አንድ ገጽ እንኳ የለም።
ፈራሚው ኑሩ ነው። የእህቴ ልጅ፣
ክፍልፋይ ያስተማርኩት በዚህ በገዛ እጅ።

ሌላው ግን ደብተር ነው፣
ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት፤
የጦይባ ሙሄ።
አልጋ የያዙ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች፣ በእርሳስ፣ በተራ፦
«ወርቄ ተገኝ፣ ሳሙና ሁለት። አንሶላ ታጠበ።
ሼህ ይመር፣ ቁስላቸው ደረቀ፣ አልሐምዱሊላህ።
እማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ ዐረፉ። ሳሙናቸው ለወርቄ ዞረ።»
ደረሰኝ በሚሆንበት፣ በየመስመሩ ጫፍ፣
ሰማያዊ አውራ ጣት፣
ሞገዱ እንደቆመ ትንሽ ሐይቅ።

ደመርን። ሠላሳ አንድ።
ማለፊያው ሃምሳ ነው።

ከፋይናንስ የመጣችው ዘሀራ መነጽሯን አወለቀች።
ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ፦ «አሥሯን እንስጣት፣
ሌላውንም ትንሽ፣ ትንሽ…»
እኔም እጄ ሊነሣ ነበር።
ግን የአባቴ መዳፍ ትከሻዬን ያዘኝ፤
እንባም ይቆልላል።
ዘንድሮ ባለቀስንላት ብንሰጥ
ለከርሞ ማስለቀስ የተካነ ይመጣል፣
እንባው የደረቀበት ደጅ ላይ ይቀራል።

«ኑሩ የእህቴ ልጅ ነው፣ ይመዝገብ፣ እወጣለሁ።
ስወጣ ግን ይቺን አሥር ለሁሉም ሰርዟት።
ወረቀት አይታችሁ ብቻ አትፍረዱ፣ ሂዱ፤
የጦይባን አልጋዎች ቁጠሩ፣ የኑሩንም በር አንኳኩ።
አውራ ጣት ፊርማ ነው። ተደምሮ የወጣ ደብተርም ሒሳብ ነው።
ኦዲተር መቅጠሪያ ቢኖራት መች እኛን ትለምን ነበር?
ይኼ ለከርሞ ይጻፍ፣ አስቀድሞ ይለጠፍ፣
እረኛም ነጋዴም እንዲያነበው፤
በስፍር መሃል ግን ቁና አይቀየርም።»

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ከሐይቁ የመጣ ነፋስ
የበሩን ስንጥቅ ያፏጫል፤ ድምፅ እንጂ ቃል አይሰማም።

ዐርብ ዕለት ተለጠፈ። ስም፣ ነጥብ፣ ምክንያት።
የኑሩ ቢሮ ቁልፉ ዝጓል፣ ጎረቤቱ ስሙን አያውቅም፤ ወደቀ።
የጦይባ አልጋዎች ተቆጠሩ፣ ልምዷ ሞላ፤
አርባ ሁለት ሆነች። እሷም ወደቀች።

እህቴ ዘንድሮ ለዐረፋ አልጠራችኝም።
ጦይባ ግን ወረቀቱን በልጅ አስነብባ ቤቴ መጣች።
እንደምትራገም ጠበቅሁ።
«ስንት ዓመት ‹አይሆንም› ተባልኩ መሰለህ፣ ጋሼ፣
ምክንያቱ ሲነገረኝ ገና ዛሬ ነው።
ኦዲት የሚሉትን አስተምረኝ።»

ከኮሚቴው መልቀቂያዬን ያን ማታ ጻፍኩ፤
ያስተማሩትን መመዘን አይገባም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሯን ሦስት ቦታ እንከፍላለን፦
ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ።
እርሳሷን ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ ጠየቀችኝ፦
«ቀሪ ላይ ምንድን ነው የሚጻፈው?»
«የተረፈው ነዋ» አልኳት።
ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ ጻፈች፦
አሥራ ስምንት።