አንድ ስንዝር ባዶ

ከቀርሜሎስ ግርጌ፣ ባቡሩ ሲያጓራ፣
ሣር አጭዳለሁ እኔ፣ የማዘጋጃ ቤት ሥራ።
የጀርመኖች መቃብር ነው፣ ጥዶች በተርታ የቆሙበት፤
ከቅጥሩ ጥግ አንድ ድንጋይ አለ፣ አንድ ሬሳ፣ ሁለት ስም ያለበት።

"ሞርሞን ናቸው" አለኝ ነዲም፣ ቁልፉን የሚይዘው ሽማግሌ፤
የሚያውቀውን ነግሮኛል፤ የጎደለውን ሞልቻለሁ፣ እኔ እንደ አመሌ።

ማረን ትባላለች። በዘጠኝ ዓመቷ ከዴንማርክ ወጥታ፣
"ጽዮን በምዕራብ ናት" የሚሉትን፣ የእናት አባቷን ቃል ሰምታ፣
የእጅ ጋሪ ገፋች፣ ከበጋ እስከ ጥቅምት፣ ማለቂያ ባጣ ሜዳ፤
በሬ መግዣ አልነበራቸው፤ ቀንበር የተሸከመው ሰው ነው፣ ያውም ለአገሩ እንግዳ።
አባት ይስባል፣ እናት ትደግፋለች፣ መንኮራኩሩ ያቃስታል፤
ሞራው አልቆ ኖሮ፣ የገላ ሳሙና ይቀባል።

ወንድሟ ኔልስ፣ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ከዱቄቱ ጋር ተጭኖ ነበር።
ዱቄቱ ሲቀል፣ እሱም አብሮ ቀለለ፤
በጥቅምት በረዶ፣ ከወንዙ ዳር፣ ዝም አለ።
መሬቱ ብረት ሆኖ አካፋውን መለሰ፤
የልጁ ገላ በረዶ ለበሰ።
ሌሊት ተኩላ ሲጮኽ፣ እናት ሁለት ጆሮ በመዳፏ ደፈነች፤
የማረንን ነው። የራሷን ግን ክፍቱን ተወች።

ጽዮን የተባለው ደረቅ ሸለቆ ሆኖ ጠበቃቸው፤
ከጣፋጭ ሐይቅ ወጥቶ ጨው ባሕር የሚገባ ወንዝ ሰጣቸው።
"ዮርዳኖስ" አሉት፣ ከመጽሐፍ አውጥተው፣
የሞተ አያት ስም ለጨቅላ እንደሚሰጠው።
እዚያ ቦይ ቆፈረች፣ ፌንጣ በመጥረጊያ አባረረች፣
ለአንድ አናጢ ሁለተኛ ሚስት ሆና፣ ስድስት ወልዳ ሁለት ቀበረች፤
በሣጥን፣ በጥልቅ ጉድጓድ፣ በወጉ።
ይህም ለእሷ ሀብት ነው።

ባሏ ባረፈ በዓመቱ፣
የመስኖ ድርሻዋን ሸጠች፤ ሃይፋ አወረዳት ትኬቱ።

አሥር የማይሞሉ ምእመናን፣ ከሠረገላ ሠሪው ጓዳ፣
እሑድ እሑድ ይዘምራሉ፤ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል፣ መዝሙሩን ቆጥሮት እንደ ዕዳ።
በአህያ ወርዳ አየችው፣ ያኛውን ዮርዳኖስ፤
"የኛን ይመስላል" አለች፣ "ቀጭን ነው፣ ደግሞ ድፍርስ።"

ሃይረም የሚሉት ሰባኪ፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ፣
ከአረብኛ "ውኃ"ን ብቻ ያውቅ፤ ያንኑ ሲጣራ ነጋ፣ በተስቦ ትኩሳቱ።
ማንም ደጃፉን አልረገጠ፤ እሷ ግን ጨርቅ እያራሰች፣
አሥራ ሁለት ሌሊት አደረች፤ በአሥራ ሦስተኛው ዓይኑን ከደነች።

ቆፋሪዎቹ ጉልበታቸው ድረስ ቆፍረው "ይበቃል" ቢሉ፣
ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፤ ሳቁ፤ ቆይተው ዝም አሉ።
"ተኩላ የለም እኮ እዚህ፣ እመቤት!"
አልመለሰችም። አፈሩ ይወጣል፣ አፈሩ ይወጣል፤
ቆቧ ከጉድጓዱ አፍ በታች ተሰውሮ፣ አካፋው ብቻ ይታያል።

ድንጋይ ጠራቢው ጅርየስ "ስሙን?" አለ። "ሃይረም።" "ሌላ?"
"ኔልስ፤ አምስት ዓመቱ።" "ይህኛውስ የት አለ?" አላት፣ ቆይቶ ኋላ።
"ቅረጽ" አለች፣ ገንዘቡን ከመሐረቧ ፈትታ፤
"ከሥሩ ደግሞ አንድ ስንዝር ተው፣ ሳትነካ፣ ባዶ ቦታ።"
"ለራስሽ?"
"እንጃ። የሚፈልገው ይመጣል።"
እሷ የት እንዳረፈች ነዲምም አያውቅም፤ መዝገቡን ብል በልቶታል።

እኔ በሱዳን በኩል፣ ከመተማ ማዶ፣ በሌሊት ነው የመጣሁት፤
እህቴ ያልጋነሽ ከመንገድ ናት። ቦታውን አላየሁት፤
ተሸክመውኝ ነበር።

ዛሬ ሣሩን ጨርሼ፣ ማጨጃውን አጥፍቼ፣
ከድንጋዩ ፊት ተንበረከክሁ፣ መዳፌን ዘርግቼ፣
ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት።
ልክ አንድ ስንዝር ነው።
ምንም አልጻፍሁም። ለካሁት።